ያልታሰረ መሪ

ባሕር ዳር፣ ዘንባባ በተሰለፈበት ጎዳና ላይ፣ ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ሲታጠፍ ልብ ብላችሁ እዩት። ወደ ቀኝ ሊዞር ሲል መሪው መጀመሪያ ለቅጽበት ወደ ግራ ነቅነቅ ይላል። ጎማው ከሥሩ ወደ ግራ ሲሸሽ ሰውነቱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ያኔ መሪው ዞሮ ኩርባውን ይይዛል። ልጁ ይህን አያውቀውም፤ እጁ ግን ያውቀዋል። ሞተር ሳይክል ነጂም በፍጥነት ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የቀኝ እጀታውን ወደ ፊት ገፋ ያደርጋል።

የማደንቀው ይህን ነው። ብስክሌቱ ወዳዘነበለበት መሪው ሲዞር ጎማዎቹ ተመልሰው ከክብደቱ ሥር ይገባሉ። ሚዛን የሚባለው ያለማቋረጥ መውደቅ፣ ያለማቋረጥም መዳን ነው። ምስጢሩ የጎማው ሽክርክሪት ነው ሲባል ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ግን ተመራማሪዎች የሽክርክሪቱን ኃይል የሚያጣፋ ብስክሌት ሠርተው ቢገፉት እሱም ያለ ነጂ ሳይወድቅ ሄደ።

መሪው ቢታሰር ግን ጎበዝ ነጂም ጥቂት ሜትር አይዘልቅም።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ «አይዞህ፣ ይዤሃለሁ» ይለኝ ነበር። ዞር ስል ለካ ከለቀቀኝ ቆይቷል። ይዞኝ የነበረው መሪው ነው።