የአዝማሪው ድምፅ፣ የእንግዳው ናፍቆት

በገንዘብ የሚገኝ ጓደኝነት በአማርኛ ልቦለድ ሲነሣ ብዙ አንባቢ የስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን «ሌቱም አይነጋልኝ»፣ የውቤ በረሃን ሌሊቶች ያስታውሳል። ከሐይቅ ከተማ አልፎ በአምባሰል አገር ግን የሚከፈልበት ጓደኝነት ሌላ መልክ አለው፤ መሰንቆ ይዞ ይመጣል።

አምባሰል ስሙን ለሙዚቃችን የሰጠ ተራራ ነው። ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ቅኝቶች አንዱ በእርሱ ይጠራል። እኔ ከሁሉም አብልጬ የማደንቀው ግን የአዝማሪውን «ተቀበል» ነው። ጠጅ ቤት ወይም ሠርግ ቤት አንዱ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል። አዝማሪው ቃሉን ሳያዛንፍ፣ ከፈረስ ጭራ በተሠራች አንዲት ክር አጅቦ ያዜምለታል። ብር ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። በስንኙ የተወሳችውን ሴት አያውቃትም፤ ነገም በሌላ ቤት የሌላ ሰው ፍቅር ያዜማል።

ይህ ርቀት ነው ሥራውን የሚሠራው። ለወንድሙ እንኳ ሊናገር የሚያፍር ሰው፣ ጉዳዩ የማይነካው ባለሙያ ስላገኘ ልቡን ይከፍታል። የሰማው ቤት ሁሉ «የማን ነገር ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ አብሮት ይተክዛል። እንዲህ ያለውን ሙያ «አዝማሪ» እያልን መሰደቢያ ማድረጋችን ያሳዝነኛል።

ወደዚያ ስትሄዱ ስልክ አውጥታችሁ ለመቅረጽ አትቸኩሉ፤ የራሳችሁን ስንኝ ስጡት፣ ሽልማቱንም አትሰስቱበት።