«አቅጣጫ ተቀምጧል»፦ ስለ መሥሪያ ቤት አማርኛ የቀረበ ሒስ

የመመሪያ ዓላማ ሥራን ማሠራት ነው። ከመሥሪያ ቤት ወደ ትምህርት ቤት የሚላክ ጽሑፍ መልካምነቱ የሚለካው በቃላቱ ግርማ ሳይሆን፣ ያነበበው መምህር በማግሥቱ ምን መሥራት እንደሚገባው ለይቶ በማወቁ ነው። በዚህ መለኪያ ሲመረመር በትምህርት አስተዳደር ዘንድ የተለመደው የጽሑፍ አማርኛ ከባድ ጉድለት ይታይበታል።

ለአብነት ያህል የሚከተለውን የመሰለ ዐረፍተ ነገር መመልከት ይቻላል፤ «መጠነ ማቋረጥን ለመቀነስ ባለድርሻ አካላትን ያሳተፈ የግንዛቤ ማስጨበጫ ንቅናቄ ተጠናክሮ እንዲቀጥል አቅጣጫ ተቀምጧል።» ቃላቱ ሁሉ አማርኛ ናቸው፤ ሰዋስዉም አልተጣሰም። ይሁንና አቅጣጫውን ያስቀመጠው ማን ነው? ባለድርሻ አካላት የተባሉት ወላጆች ናቸው ወይስ የቀበሌ ኃላፊዎች? «ተጠናክሮ ይቀጥል» የተባለውስ ሥራ ቀድሞ በእርግጥ ተጀምሮ ነበርን? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አይገኝም። ግሡ በተደራጊ መልክ በመቅረቡ አድራጊው ተሰውሯል፤ አድራጊው ከተሰወረ ደግሞ ሥራው ሳይሠራ ቢቀር ተጠያቂ አይኖርም።

ችግሩ እንደ ቡታጅራ ባለ ስፍራ እጥፍ ይሆናል። በከተማይቱና በዙሪያዋ የመስቃን፣ የዶቢ፣ የስልጤና የማረቆ ቋንቋዎች ይነገራሉ። ስለዚህ መምህሩ መመሪያውን በመጀመሪያ ከመሥሪያ ቤት አማርኛ ወደ ተራው አማርኛ፣ ቀጥሎም ወላጆች ወደሚግባቡበት ቋንቋ መመለስ ይኖርበታል። የመጀመሪያው ትርጉም ካልተሳካ ሁለተኛው ከቶ ሊሳካ አይችልም። በበርበሬ ለቀማ ወቅት ልጁን በማሳ ላይ ላዋለ አባት «ንቅናቄ» የሚለው ቃል ምን ይነግረዋል? የልጁ ከትምህርት መቅረት ምክንያት አለው፤ ቃሉ ግን ምክንያቱን ሸፍኖ ቁጥሩን ብቻ ያስቀራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማር ያለውን ጥቅም ተቀብሏል። ለሕፃኑ የታሰበው መረዳት ለመምህሩ ሊነፈግ አይገባም።

ቡታጅራ ራሷ በሌላ ሙያ መልካም አርአያ ሆናለች። እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በአንድ የከተማና በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን መመዝገብ ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በአካባቢው በተካሄደው የከባድ የአእምሮ ሕመም ጥናትም ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ 68,378 ሰዎች በየቤታቸው ተጠይቀዋል። አጥኚዎቹ ግን ወደ አማርኛ በተተረጎመው መጠይቅ ብቻ አልተወሰኑም፤ ጎረቤቶቻቸውን በሚገባ የሚያውቁ የአካባቢውን ሰዎች ጭምር አነጋግረዋል። ተጠያቂው ያልተረዳው ጥያቄ የሚያስገኘው መልስ ከንቱ እንደሆነ ማንኛውም አጥኚ ያውቃል። አንባቢው ያልተረዳው መመሪያም ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም።

ይህ ሲባል የሙያ ቃል ሁሉ ይወገድ ማለት አይደለም። «ጥቅል ተሳትፎ» ዕድሜያቸው ምንም ይሁን ምን በእርከኑ የተመዘገቡትን ሁሉ ሲቆጥር፣ «ንጥር ተሳትፎ» ለእርከኑ በተወሰነው ዕድሜ ላይ ያሉትን ብቻ ይቆጥራል። ሁለቱን መለየት ለዕቅድ አውጪው አስፈላጊ ስለሆነ ቃላቱ ተገቢ ናቸው፤ የሚጠበቀው በመጀመሪያ ሲጠቀሱ ማብራራት ነው። ነቀፋው የሚያርፈው ምንም ልዩ ፍሬ ነገር በማይሸከሙት ላይ ነው። በቅኔ ቤት ለረቀቀ ቃል ክብር የተሰጠው ሰሙ ሲገፈፍ ወርቅ ስለሚገኝ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ዐረፍተ ነገር ግን ሰሙ ቢገፈፍ ከሥሩ ሌላ ሰም እንጂ ወርቅ አይገኝበትም።

ያው ሐሳብ እንደሚከተለው ሊጻፍ በቻለ ነበር፤ «አንድ ተማሪ ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ከቀረ የክፍሉ ኃላፊ መምህር ወላጁን ያነጋግር፤ የቀረበትንም ምክንያት በሦስት ቀን ውስጥ ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ ያስታውቅ።» እዚህ ላይ ሠሪው፣ ሥራውና ጊዜው ተለይተው ታውቀዋል። ዐረፍተ ነገሩ ግርማው ቢቀንስም መምህሩን ወደ ተማሪው ቤት ይመራዋል።

በመሆኑም ማንኛውም መመሪያ ከመሠራጨቱ በፊት ለሁለት ወይም ለሦስት መምህራን ተሰጥቶ የተረዱትን በራሳቸው ቃል እንዲናገሩ ማድረግ ይገባል። መምህራኑ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ መናገር ካቃታቸው፣ እንደገና መማር ያለበት አንባቢው ሳይሆን እንደገና መጻፍ ያለበት መመሪያው ነው።