ከመጽሐፍ ወደ ተንቀሳቃሽ ሥዕል፦ ስለ «ዚማ ብሉ»

አጭር ልብ ወለድን ወደ ቴሌቪዥን ማዛወር ቀላል ሥራ የሚመስለው፥ ቀድሞውንም አጭር ስለ ሆነ የሚቆረጥለት ነገር የለም ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ከረጅም ድርሰት አንድ ምዕራፍ ቢወጣ ቤቱ አይፈርስም፤ ከአጭር ድርሰት ግን አንዲት ነገር የተነሣች እንደ ሆነ የቀረው ሁሉ ትርጉሙን ይለውጣል።

ኔትፍሊክስ የተባለው ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 «ላቭ፥ ዴዝ ኤንድ ሮቦትስ» በሚል ስም 18 አጫጭር ተንቀሳቃሽ ሥዕሎችን አቀረበ። ብዙዎቹ ከታተሙ የሳይንስ ልብ ወለዶች የተወሰዱ ናቸው። ከነዚህ አንዱ «ዚማ ብሉ» ነው። ድርሰቱን በ2005 ያወጣው አላስቴር ሬይኖልድስ በአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ውስጥ የሠራ የከዋክብት ተመራማሪ ሲሆን፥ ሥዕሉን ያዘጋጀው ሮበርት ቫሊ ነው። ርዝመቱም 10 ደቂቃ ያህል ነው።

ታሪኩ ዚማ ስለሚባል ስመ ጥር ሠዓሊ ነው። በግዙፍ ሥዕሎቹ መካከል አንዲት ሰማያዊ አራት ማዕዘን ብቅ ትላለች፤ ከሥዕል ወደ ሥዕል እየሰፋች ሄዳ በመጨረሻ ሁሉን ትሸፍናለች። ዚማም ወደ ፍጻሜው አንዲት ጋዜጠኛ አስጠርቶ ምስጢሩን ይገልጥላታል። ለካስ በመጀመሪያ የመዋኛ ገንዳ ግድግዳ የሚፈትግ ትንሽ መሣሪያ ኖሯል! ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፍ እየተሻሻለ ሄዶ ነው አእምሮ ያገኘው። ያም ሰማያዊ፥ መጀመሪያ ያየው የገንዳው ንጣፍ ቀለም ነው።

እዚህ ላይ ተንቀሳቃሹ ሥዕል መጽሐፉን ይበልጠዋል ብል አልሳሳትም። ደራሲ «ሰማያዊ» ብሎ ቢጽፍ አንባቢ የየራሱን ሰማያዊ ያስባል፤ ቫሊ ግን ያንኑ አንዱን ቀለም በዓይናችን ላይ ያፈስሰዋል። ዚማ በሕዝብ ፊት ወደ ገንዳው ገብቶ አካሉን ሲበታትን፥ ከርሱም ያች ፈታጊ መሣሪያ ብቻ ስትቀር፥ ቃል አያስፈልግም።

ከዚሁ ስብስብ ውስጥ የኬን ሊው «ጉድ ሀንቲንግ» ይህ ዕድል አልገጠመውም። በድርሰቱ ውስጥ ሴቲቱ የደረሰባትን ግፍ ራሷ ትናገራለች፤ አዘጋጆቹ ግን ያንኑ በራቁት ገላ አሳዩት። አፏን ወስደው ገላዋን ሰጡን።

ወደ ዚማ ልመለስ። ቅሬታዬ በጋዜጠኛዋ ላይ ነው። በድርሰቱ ውስጥ፥ ዕድሜ እጅግ በረዘመበት በዚያ ዘመን፥ ትዝታዋን የሚይዝላት መሣሪያ ከርሷ አይለይም። ዚማ ቀይ ወይን ወይስ ነጭ ብሎ ሲጠይቃት እንኳ፥ የቀድሞ ልማዷን አገላብጦ የሚመክራት እርሱ ነው። በመዝገብ ቤት ለምውል ለእኔ ይህ ቦታ ቀልድ ሆኖ አልታየኝም። አለቃ ጥያቄ ሲያቀርብልኝ ከማሰቤ በፊት እጄ ወደ ፋይሉ ይሄዳልና፤ ባለፈው ዓመት የተጻፈው መልስ ለዘንድሮም መልስ ይሆናል። ዚማ ያን መሣሪያ እንድትተወው ይመክራታል፤ የሚሳሳት ትዝታ የሰው ትዝታ ነው ባይ ነው። ስለዚህ እርሱ አእምሮውን በሙሉ ሲጥል፥ እርሷም በአቅሟ ጥቂት እንድትጥል ትጠየቃለች። ሁለቱ ታሪኮች የተያያዙት በዚህ ነው።

አዘጋጁ መሣሪያውንም ወይኑንም አወጣቸው። ደቂቃው አጥሮበት ይሆናል፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን ጋዜጠኛዋ ሰሚ ጆሮ ብቻ ሆና ቀረች። በገንዳው ዳር ከሕዝቡ ጋር ቆማ ስታይ እናያታለን፤ ወደ ቤቷ ምን ይዛ እንደምትመለስ ግን ሥዕሉ አይነግረንም።