ቁራሌው ያላወቀው ዋጋ

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የፕላስቲክ ወታደር ቆሟል። አቃቂ ውስጥ ከቁራሌ ጆንያ የገዛሁት ነው። ቁመቱ ከአመልካች ጣቴ አይበልጥም። በጎኑ፣ ከጆሮው እስከ ቁርጭምጭሚቱ፣ ቀጭን መስመር ወርዷል፤ ሁለቱ የብረት ቅርጾች የተጋጠሙበት ቦታ ነው። ከመቆሚያው ሥር ያለችው ሻካራ ነጥብ ደግሞ ቀልጦ የገባው ፕላስቲክ የተቆረጠባት ናት። እዚህ ሰፈር ቶርኖ ላይ ለሚውል ሰው ብትሰጡት፣ ፊቱን ከማየቱ በፊት በመስመሩ ላይ ጥፍሩን ያስኬዳል።

ርካሽ ዕቃን እንዲህ ማገላበጥ የለመድኩት ከአንድ ፊልም ነው። «ክረምብስ» ይባላል፤ ፍርፋሪ እንደማለት። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እዚሁ አገራችን የቀረጸው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 68 ደቂቃ የሚፈጅ የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። ንግግሩ አማርኛ ነው። ከታላቅ ጥፋት በኋላ የሰው ዘር ተመናምኗል። ለዓመታት ሰማይ ላይ ተገትሮ የቆየ መርከብ የመንቃት ምልክት ያሳያል። ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው አጭር ሰው ተሳፍሮ ከዚህች ምድር መውጣት ይፈልጋል። ፍቅረኛውን ሆና የምትተውነው ሰላም ተስፋዬ ናት።

እንዲህ ባለ ታሪክ ሌላው ፊልም ሠሪ ገንዘቡን መርከቡ ላይ ያፈስ ነበር። ያንሶ መርከቡን ከሩቅ ትቶ ወደ ዕቃ ይጠጋል። አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ አለ። የልጅ መጫወቻ ሲመጣለት እንደ ብራና መጽሐፍ በጥንቃቄ ያየዋል፤ የማን እንደነበረ ይተርካል፤ ከዚያ ዋጋ ይቆርጣል። የሚተርከው ሁሉ ፈጠራ ነው። አያያዙ ግን የባለሙያ ነው። መጫወቻው አልተቀባም፣ አልተለወጠም፣ ሱቅ ውስጥ እንደነበረው ነው። የዕቃው ዕድሜ የሚታየው በእጁ ዝግታ ነው።

ከዕቃዎቹ መካከል የማይክል ጃክሰን «ዴንጀረስ» ሸክላ አለ፤ የ1991 ሥራ። ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በ1977 በሁለቱ የቮየጀር መንኮራኩሮች ላይ የተጫነው፣ በወርቅ የተለበጠው የመዳብ ሸክላም ስፋቱ ያው ነው። ያኛው በደቂቃ 16⅔ ጊዜ ይዞራል፤ የተለመደው የዘፈን ሸክላ 33⅓ ጊዜ። የቮየጀሩ፣ ሰው ምን እንደነበር ለማያውቀን እንዲናገር ታስቦ ተላከ። ሌላው ያለ ሐሳብ ቀረ፣ ሥራው ግን ያው ሆነ። ይህን ፊልሙ አይነግራችሁም፤ ሸክላውን ብቻ ያሳያል።

ፊልሙ በሚያሳየው ዳሎልም ላይ እንደዚሁ ነው። ከባሕር ወለል ዝቅ ያለውን ያን ቢጫና አረንጓዴ መሬት ማንም አልሠራውም፤ ጨው፣ ድኝና ብረት ናቸው የቀቡት። የያንሶ ድርሻ ልክ ማወቅ ነው። አጭሩን ሰውዬ በሰፊው ምስል ውስጥ አቁሞ ይጠብቃል። (መካከሉ ላይ የሚጠብቀው ከልኩ አልፏል፤ አሥር ደቂቃ ቢቀነስለት አይጎዳም ነበር።)

ወታደሩን እንደገና አነሳሁት። ቀኝ ክንዱ ላይ ሲደርስ መስመሩ በግማሽ ሚሊ ሜትር ተዛንፏል። ቅርጹ አርጅቶ መግጠም አቅቶት ነው። የፊልሙ ነጋዴ ቢያገኘው የጦር ሜዳ ቁስል ነው ብሎ ዋጋውን በጨመረ ነበር።