የሌላ ሰው ሜዳ

ጎልፍ ተጫውቼ አላውቅም፤ ዱላውንም በእጄ ይዤ አላውቅም። ሆኖም ባለፈው ዓመት አራት ወር ሙሉ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካለ ሕንፃ 5ኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ፣ ለማላውቃቸው ሰዎች የስኮትላንድ የጎልፍ ጉዞ ሳቅድ ከረምኩ። እንጀራዬ ነው። የምሠራበት ድርጅት ለውጭ ደንበኞች ሶፍትዌር ይሠራል፤ ይሄኛው ደንበኛ የፈለገው ደግሞ ታሪካዊ ሜዳዎችን መርጦ፣ የመኪና መንገዱን፣ ማደሪያውንና የመጫወቻ ሰዓቱን ገጣጥሞ የሳምንት ፕሮግራም የሚያወጣ አፕ ነበር። አራት ጓደኛሞች፣ ሰባት ቀን፣ ስድስት ሜዳ። አንድ ቦታ ሲነኩ ጉዞው ተሰናድቶ ይመጣል።

ስለ አፑ ብዙ የምለው የለኝም። ልጽፍ የተነሳሁት በዚያ ሥራ ሰበብ ስላነበብኩት መጽሐፍ ነው። ወደ መጽሐፉ የመራኝ ግን የራሴ ስህተት ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

ዳታቤዙን ስነድፍ እያንዳንዱ ሜዳ 18 ጉድጓድ አለው፣ እያንዳንዱ ጉድጓድም የራሱ ግሪን አለው ብዬ ተነሳሁ። ግሪን ማለት ጉድጓዱ ዙሪያ ሣሩ እንደ ምንጣፍ የተከረከመበት ቦታ ነው። ማን ይጠረጥራል? ከዚያ ሴንት አንድሩስ ደረስኩ። እዚያ ያለው ኦልድ ኮርስ የሚባለው ሜዳ 18 ጉድጓድ አለው፤ ግሪኑ ግን 11 ብቻ ነው። 1ኛው፣ 9ኛው፣ 17ኛውና 18ኛው የየራሳቸው አላቸው፤ የቀሩት 14ቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጋራሉ። የሚጋሩት ቁጥሮች ሲደመሩ ደግሞ ሁልጊዜ 18 ይመጣሉ፦ 2 ከ16፣ 3 ከ15፣ 8 ከ10። ይህን ሳገኝ የተሰማኝን ደስታ ለባልደረቦቼ ለማስረዳት ሞክሬ አንዱ ብቻ ገባው። ቀጥሎ ፕሪስትዊክ መጣ። የመጀመሪያው ኦፕን ውድድር እ.ኤ.አ. በ1860 የተካሄደበት ይህ ሜዳ ያኔ 12 ጉድጓድ ብቻ ነበረው፤ ተጫዋቾቹ ሦስት ጊዜ ዞሩት። መስልበራ ደግሞ እስከ ዛሬ 9 ነው፤ ያውም በፈረስ መወዳደሪያ መሃል። 18 የሚለው ቁጥር ከሰማይ የወረደ ሕግ ሳይሆን ሴንት አንድሩሶች በ1764 ከ22 ቀንሰው የደረሱበት፣ ሌላው ቀስ በቀስ የገለበጠው ልማድ ነው። የኔ ሠንጠረዥ ፈረሰ።

ሠንጠረዡን መልሼ ለመሥራት ታሪኩን ማንበብ ግድ ሆነብኝ። ፍለጋው ያደረሰኝ በርናርድ ዳርዊን በ1910 ወዳሳተመው የብሪታንያ ደሴቶች የጎልፍ ሜዳዎች መጽሐፍ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሙሉው በነፃ ይገኛል። ስሙ እንደሚያስጠረጥረው ሰውየው የቻርልስ ዳርዊን የልጅ ልጅ ነው፤ ሕግ ተምሮ ሕጉን ተወና ከ1907 እስከ 1953 ለታይምስ ጋዜጣ ስለ ጎልፍ ጻፈ። በ1922 አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያውን የዎከር ካፕ ውድድር ሊዘግብ ሄዶ፣ የቡድኑ አምበል ሲታመም ማስታወሻ ደብተሩን አስቀምጦ ገብቶ የተጫወተ ሰው ነው። ይህን የሰማ የኛ ሰፈር ልጅ «ጋዜጠኛው ተቀይሮ ገባ?» ብሎ ሳቀ።

መጽሐፉ የጉዞ መጽሐፍ ነው፤ ግን ደረጃ አይሰጥም፣ ኮከብ አይቆጥርም። ዳርዊን የሚያደርገው መራመድ ነው። ከለንደን ዙሪያ ይጀምርና በባሕሩ ዳርቻ፣ በስኮትላንድ፣ በዌልስ፣ በአየርላንድ እያለ እያንዳንዱን ሜዳ በእግሩ ያስኬድሃል። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ከፊት ያለው ጉብታ ምን እንደሚደብቅ፣ ሰው የት ላይ ፈርቶ እንደሚሳሳት ይነግርሃል። የለንደኑ ክፍል፣ እውነቱን ልናገርና፣ ያንቀላፋል፤ ሜዳ ከሜዳ እየተመሳሰለብኝ ገጽ ዘልያለሁ። ስኮትላንድ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ሃሪ ራውንትሪ የሳላቸው የቀለም ሥዕሎችም መሃል መሃል ላይ ያሳርፉሃል።

በጣም የወደድኩት ቦታ ዌልስ ውስጥ ያለው አበርዶቪ ነው። ከሁሉ ትልቁ ወይም ከሁሉ ከባዱ ስለሆነ አይደለም ዳርዊን የሚወደው፤ የልጅነቱ ስለሆነ ነው። አጎቱ ከአንዲት የመንደሩ ሴት 9 የአበባ ማሰሮ ተውሶ፣ ባሕሩ ዳር ያለው ረግረግ ላይ 9 ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ማሰሮዎቹን ቀብሮ ነው የተጀመረው። በቃ። ክለብ የለ፣ ገንዘብ የለ፣ ማሰሮ አለ። ተቺ ሆኖ የቆየው ሰው እዚህ ላይ ሚዛኑን ይጥልና ፍቅሩን ይናዘዛል፤ መጽሐፉም እዚህ ላይ ነው ለኔ መጽሐፍ የሆነው።

ቅሬታዬን ልናገር። ዳርዊን ውስጥ በር የለም። ባቡር አለ፣ ነፋስ አለ፣ አሸዋ አለ፤ ግን አንድም ሰው በር ላይ ቆሞ «አንተ ማነህ?» ሲባል አይታይም። ለሱ አይነት ሰው አልነበረማ። ቦርሳ የሚሸከሙት ካዲዎችም ብቅ ብለው ይጠፋሉ እንጂ የራሳቸው ታሪክ የላቸውም። በኔ ሶፍትዌር ውስጥ ግን ግማሹ ኮድ በር ነው። ሴንት አንድሩስ ኦልድ ኮርስ ለመጫወት የሃንዲካፕ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ማስረጃው ቢኖርህም ስምህን ዕጣ ውስጥ አስገብተህ ትጠብቃለህ። በ1744 የመጀመሪያዎቹን 13 የጨዋታ ሕጎች የጻፈው የኤደንብራው ክለብ፣ ሙርፊልድ ላይ ያለው፣ ሴቶችን አባል ለማድረግ ድምፅ የሰጠው በ2017 ነው፤ ያውም በ2016 አንድ ጊዜ እምቢ ካለ በኋላ። ከሁሉም በሮች በፊት ደግሞ በአፑ ውስጥ የሌለ አንድ በር አለ፤ ደንበኛው አልጠየቀም፣ እኔም አልጻፍኩትም። ቪዛ ይባላል።

መጽሐፉ ግን በዚህ ብቻ ተነቅፎ የሚጣል አይደለም፤ ምክንያቱም ዳርዊን የሚያደንቀው ዋናው ሜዳ የራሱ አስገራሚ የበር ታሪክ አለው። የሴንት አንድሩስ መሬት የከተማው ነበር። የከተማው ምክር ቤት በ1797 ለጥንቸል ነጋዴዎች አከራየው፤ ጥንቸሎቹ ሣሩን ቆፈሩት፣ ጎልፈኞቹ ተቆጡ፣ ፍርድ ቤት ተካሰሱ። በ1821 ጄምስ ቺፕ የሚባል የአካባቢው ባለርስት ገዛው። በ1894 በፓርላማ በወጣ ሕግ ከተማው መልሶ ወሰደው። ዛሬም የሕዝብ መሬት ነው። እሑድ እሑድ፣ ትልቅ ውድድር ከሌለ በቀር፣ ጨዋታ የለም፤ ሰው ልጁንና ውሻውን ይዞ ይዞርበታል። በዓለም ላይ ከሁሉ የተከበረው የጎልፍ ሜዳ በሳምንት አንድ ቀን የሰፈር ሜዳ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። የኛ ቢሮ መስኮት ወደ ምን እንደሚያይ ብነግራችሁ ለምን እንደተነሳሁ ይገባችኋል፦ ከመስኮቱ የሚታየው ቆርቆሮ አጥር፣ ክሬን፣ እንደገና ቆርቆሮ አጥር ነው።

አዲስ አበባ ውስጥም ታሪካዊ የጎልፍ ሜዳ አለ። ከመገናኛ ወደ 4 ኪሎ በታክሲ የሄደ ሰው «እንግሊዝ ኤምባሲ ወራጅ!» ሲባል ሰምቷል። ያ ረጅም ግንብ ምኒልክ ለእንግሊዝ ሌጋሲዮን የሰጡት መሬት ነው፤ ውስጡ ባለ 9 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ አለው። በዚያ ግንብ ሥር ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ እንጃ፤ ከግንቡ በላይ የሚታየኝ ግን ሁልጊዜ ዛፍ ብቻ ነው።

የዳርዊን መጽሐፍ በወጣበት በዚያው በ1910፣ እዚያ ግቢ ውስጥ፣ በጭቃና በእንጨት በተሠራ የሣር ክዳን ቤት አንድ ልጅ ተወለደ፤ ዊልፍሬድ ቴሲጀር። አባቱ የእንግሊዝ ሚኒስትር ነበር። ቴሲጀር በ1987 ባሳተመው የመረጥኩት ሕይወት በሚለው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ስለዚያ ግቢ የጻፈውን ከዳርዊን ጎን ለጎን አነበብኩት፤ ሁለቱም መልካም ተመልካቾች ናቸው፣ ሁለቱም በራቸው ክፍት ነበር። ግን ልዩነት አለ። የቴሲጀር ግቢ ውስጥ ታሪክ ግንቡን ዘሎ ይገባል። በ1916 ቀውስ ጊዜ የራስ ተፈሪ ሕፃን ልጅ አስፋወሰን የተሸሸገው እዚያ ነው። ከሰገሌ ጦርነት በኋላ ድል አድራጊው ሠራዊት ጃን ሜዳ ላይ ሲያልፍ የ6 ዓመቱ ልጅ ቆሞ አየ፤ ሕይወቴን የቀረጸው ያ ቀን ነው ይላል። የዳርዊን ሜዳዎች ላይ ከነፋስ በቀር ማንም አይዘምትም። መጀመሪያ ይህን የዳርዊን ድክመት ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌ ነበር።

ከዚያ ኖርዝ ቤሪክ መጣና አስሰረዘኝ። ከኤደንብራ በስተምሥራቅ፣ ባሕሩ ዳር ያለ ሜዳ ነው፤ 15ኛው ጉድጓድ ሬዳን ይባላል። ግሪኑ ከፍ ብሎ፣ ሰያፍ ሆኖ፣ ከተጫዋቹ ወዲያ ያዘነበለ፣ ፊቱ ላይ ጥልቅ የአሸዋ ጉድጓድ የተጋረጠበት ነው። የዓለም የጎልፍ አርክቴክቶች ደጋግመው የገለበጡት ንድፍ ስለሆነ በዳታቤዜ ውስጥ «ሬዳን» ለብቻው መለያ ሆኗል። ስሙ ግን ከየት መጣ? በክሪሚያ ጦርነት፣ በ1855፣ እንግሊዞች ሲቫስቶፖል ላይ ከተፋለሙበት የሩሲያ ምሽግ ነው። ሲቫስቶፖል! የኛው ሴባስቶፖል። ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀለጡት፣ በሰው ጉልበት መቅደላ ድረስ የተጎተተው መድፍ ስም። ምስሉ ዛሬም ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል። በአንድ ከተማ ከበባ ስም አንዱ አገር መድፍ አቆመ፣ አንዱ አገር የኳስ መጫወቻ ሰየመ፤ በ1868 ደግሞ መድፉን ባቆሙትና ጨዋታውን በሰየሙት መካከል መቅደላ ላይ የሆነውን እናውቃለን። ዳርዊን ሬዳንን ሲያልፍ የሚያስበው ስለ ኳሷ ነው። አልፈርድበትም፤ እኔም ቴዎድሮስ አደባባይን ሳልፍ ብዙ ጊዜ የማስበው ስለ ታክሲ ሰልፉ ነው።

ለነገሩ መጽሐፉ የጎዳኝ በሌላ በኩል ነው። ዳርዊን ለእያንዳንዱ ጉብታ ስም አለው። ሲኦል የሚባል የአሸዋ ጉድጓድ አለ፤ መንገድ የሚባል ጉድጓድ አለ፤ ስሞቹ ከመቶ ዓመት በኋላም እዚያው ናቸው፣ መጽሐፉን ይዞ የሄደ ሰው ያገኛቸዋል። ያደግኩት ገርጂ ነው። የኛም ሜዳ ስም ነበረው። ከላይ በኩል ያለው ግብ ሁለት ድንጋይ ነው፤ ከታች ያለው ግብ አንድ ድንጋይና የኤሌክትሪክ ምሰሶ። በግራ በኩል ሜዳው ስለሚያዘቀዝቅ ኳስ ይዞ የሮጠ ሁሉ ሳይወድ ወደ ቦዩ ይነዳል፤ ያንን ክፍል «ገደል» እንለው ነበር። በክረምት ገደል ውስጥ ውኃ ስለሚቆም የግራ ክንፍ የሚጫወተው ጫማ የሌለው ልጅ ነው። ከምሰሶው ጀርባ የእማማ አጥር ነበር፤ እዚያ የገባች ኳስ ልትመለስ የምትችለው እማማ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ብቻ ነው። ጥሩ ተጫዋች ማለት ከገደል ዳር ሆኖ፣ አጥሩን ሳይነካ፣ ምሰሶው ሥር የሚያስገባ ነው። ይህን ማድረግ የሚችሉ ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ አሁን ዱባይ ነው።

አሁን እዚያ ባለ 8 ፎቅ ሕንፃ ቆሟል። ክስ የለኝም፤ ሰው ቤት ያስፈልገዋል፣ እኔም የምኖረው ከሌላ ሰው ሜዳ ላይ በተሠራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሊሆን ይችላል። ግን አራት ወር ሙሉ የሌላ አገር ሜዳዎችን በሜትር እየለካሁ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ በስሙ እየመዘገብኩ ስሠራ፣ የራሴን ሜዳ በሁለት መስመር እንኳ ጽፌ እንደማላውቅ አላስተዋልኩም ነበር። ዳርዊን ባይሆን ኖሮ አሁንም አላስተውልም። ለዚህ ነው በር የሌለው መጽሐፉን ሰዎች እንዲያነቡት የምመክረው፤ ጎልፍ ለማይወድ ሰውም ቢሆን። ስኮትላንድንና አበርዶቪን አንብቡ፣ ለንደንን ዝለሉ።

አፑን ሐምሌ ላይ አስረከብን። የመጨረሻው ሳምንት ላይ፣ ለሙከራ ብዬ፣ በዳታቤዙ ውስጥ አንድ ሜዳ ጨመርኩ፦ ገርጂ፣ ጉድጓድ 0፣ ግብ 2፣ መግቢያ ነፃ። ካርታ ላይ ለማስቀመጥ ስሞክር አቅጣጫው ጠፋኝና የድሮ የሰፈር ልጆች ያሉበት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጠየቅኩ። ባሕር ዛፉ በግራ ነበር ወይስ በቀኝ? ዱባይ ያለው «በግራ» አለ። ሌላው «የትኛው ባሕር ዛፍ?» አለ። ክርክሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀጠለ፤ አንዱ ፎቶ አለኝ ብሏል፣ እስካሁን አላመጣም።