የድረ ገጽ «ኩኪ» ማሳሰቢያዎችና የአማርኛ ስያሜዎቻቸው፤ ሂሳዊ ምርመራ

1. የጉዳዩ መነሻ

በኢንተርኔት ላይ የሚገኙ ድረ ገጾች ጎብኚው ገና ሲገባ አንድ አጭር ማሳሰቢያ ማሳየት ከጀመሩ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። ማሳሰቢያው ድረ ገጹ «ኩኪ» በተባለ ነገር እንደሚገለገል ያስታውቅና ጎብኚው እንዲቀበል ወይም እንዳይቀበል ይጠይቃል። በአማርኛ የሚዘጋጁ ድረ ገጾችና የኮምፒዩተር መገልገያዎች በበረከቱ መጠን ማሳሰቢያውም ወደ አማርኛ እየተመለሰ ነው። ይሁን እንጂ ትርጉሙ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ቃል በሌላው የመተካት ሥራ ሆኖ እናገኘዋለን።

በቃላት ሥራ ላይ በተሰማሩ ሰዎች ዘንድ የሚሰማው ክርክር በአመዛኙ በአንድ ስም ላይ ያተኮረ ነው፤ ይኸውም «ኩኪ» በውሰት ይያዝ ወይስ አገርኛ አቻ ይፈለግለት የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ክርክሩ ቦታውን የሳተ መሆኑን ማሳየት ነው። በእኛ አስተያየት ጉዳቱ የሚገኘው በስሙ ሳይሆን በግሦቹ ላይ ነው። ማሳሰቢያው ማስታወቂያ ብቻ አይደለም፤ ጎብኚው መብቱን አሳልፎ የሚሰጥበት ወይም የሚያስከብርበት ሰነድ ጭምር ነው። ስለሆነም ግሡ የተሳሳተ እንደሆነ በግሡ አማካይነት የተሰጠው ፈቃድም የተሳሳተ ይሆናል።

2. ጽንሰ ሐሳቡ

ስለ ስያሜ ከመነጋገር በፊት የሚሰየመውን ነገር መለየት ይገባል። ድረ ገጽና የጎብኚው ማሰሻ የሚነጋገሩበት ሥርዓት በራሱ የማስታወስ ችሎታ የለውም፤ አንድ ገጽ ተጠይቆ ከተላከ በኋላ ቀጣዩ ጥያቄ ከዚያው ሰው ይምጣ ወይም ከሌላ አይለይም። ይህን ጉድለት ለማሟላት በ1994 (እ.ኤ.አ.) በኔትስኬፕ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ አንድ ዘዴ ፈጠረ። በዘዴው መሠረት ድረ ገጹ ለማሰሻው አጭር ጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ማሰሻውም ጽሑፉን ያኖርና ወደዚያው ድረ ገጽ በተመለሰ ቁጥር መልሶ ያቀርባል። ስሙ የተወሰደው በዩኒክስ ባለሙያዎች ዘንድ ቀደም ሲል ይሠራበት ከነበረው «ማጂክ ኩኪ» ከተሰኘው ቃል ሲሆን፣ ትርጉሙም አንድ ፕሮግራም ለሌላው የሚሰጠው፣ ተቀባዩ ይዘቱን ሳይመረምር እንዳለ የሚመልሰው ምልክት ማለት ነበር።

ለአማርኛ አንባቢ ነገሩን የሚያቀርበው ምሳሌ የሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ነው። ታካሚው በእጁ የሚይዘው ቁጥር የተጻፈባትን ትንሽ ወረቀት ነው፤ የሕመሙ ታሪክ የሰፈረበት ማኅደር ግን በካርድ ክፍሉ ይቀመጣል። ኩኪ ወረቀቷ ናት እንጂ ማኅደሩ አይደለችም። ወረቀቷን የሚያነባት የሰጣት ሐኪም ቤት ብቻ እስከሆነ ድረስ ነገሩ ቅን አገልግሎት ነው፤ ገዢው የመረጣቸውን ዕቃዎች የምታስታውሰው፣ ጎብኚው በየገጹ የይለፍ ቃሉን እንዳይደግም የምታደርገው እርሷ ናት። ነገሩ መልኩን የሚለውጠው በሦስተኛ ወገን ኩኪ ነው። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት በብዙ ድረ ገጾች ላይ ቦታ ይዞ በሁሉም ዘንድ ያችኑ ወረቀት ሲያነብ፣ ማለዳ ጋዜጣ ያነበበው፣ ቀትር ላይ ስለ መድኃኒት የጠየቀው፣ ማታ ሥራ ያፈላለገው ሰው አንድ መሆኑን ይረዳል። ሰውየው በበኩሉ ከዚያ ድርጅት ጋር አንድም ቀን ተገናኝቶ አያውቅም።

ሕግ በጉዳዩ የገባው ከዚህ የተነሣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የ2002ቱን መመሪያ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ሲያሻሽል፣ ለተጠየቀው አገልግሎት የግድ ከሚያስፈልገው በቀር በጎብኚው መሣሪያ ላይ ማንኛውም ነገር ከመቀመጡ በፊት ፈቃዱ እንዲጠየቅ ደንግጓል። ከግንቦት 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አጠቃላይ የዳታ ጥበቃ ደንብ ደግሞ የፈቃድን መመዘኛ አጥብቋል። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። እንግዲህ «ፈቃድ» የሚለው ጽንሰ ሐሳብ በአማርኛ በትክክል መገለጹ የቋንቋ ውበት ጥያቄ ሳይሆን የሕግ አፈጻጸም ጥያቄ ነው።

3. ስለ ስሙ

ለኩኪ የሚታሰቡ አቻዎች ጥቂት አይደሉም። «ብስኩት» የሚለው የእንግሊዝኛውን ዘይቤ በቀጥታ ያመጣል፤ ነገር ግን ዘይቤው በምንጭ ቋንቋው እንኳ የደበዘዘ ስለሆነ የሚያስረዳው ነገር የለም። ከዚህም በላይ የቀረበ ምግብን አለመቀበል በእኛ ዘንድ እንደ ነውር ስለሚቆጠር፣ «ብስኩት ይቀበላሉ?» የሚለው ጥያቄ እምቢታን ከወዲሁ ያሳፍራል። «ምልክት» እጅግ ሰፊ ነው። «መለያ» ለጎብኚው መጠሪያ፣ ለስፖርት ልብስና ለሌላም ተይዟል። «ማስታወሻ» ጎብኚው ራሱ የጻፈው ነገር ያስመስለዋል።

«ክታብ» የሚለው ሲታሰብ በመጀመሪያ ይማርካል። ክታብም ትንሽ ጽሑፍ ነው፤ የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው፤ ያዡም ውስጡን አያነብም። ሆኖም ክታብ የሚጻፈው ያዡን ይጠብቃል ተብሎ ሲሆን ኩኪ በቅድሚያ የምታገለግለው ሰጪዋን ነው። ስለዚህ ምስሉ ቢመሳሰልም ጥቅሙ ይገለበጣል፤ ተርጓሚው ሳያስበው ለድረ ገጹ ሊሟገት ነው።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ «ኩኪ» በውሰት ቢያዝ እንመርጣለን። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች አሉን። አንደኛ፣ የሚበላው ነገር በየኬክ ቤቱ የሚጠራው «ኩኪስ» ተብሎ ነው፤ የእንግሊዝኛው የብዙ ቁጥር ምልክት ከነጠላው ጋር ተዋህዶ ስለገባ «አንድ ኩኪስ» እንላለን። በመሆኑም ቴክኒካዊው «ኩኪ»፣ ብዙው «ኩኪዎች»፣ ከሚበላው በቅርጹ ተለይቷል። ሁለተኛ፣ ትርጉሙ የማይገመት የውሰት ቃል አንባቢውን ቢያንስ ያስጠይቀዋል፤ ትርጉሙ የተገመተ መስሎ የሚያሳስት አገርኛ ቃል ግን ከመጠየቅ ያግደዋል። ማሳሰቢያው ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሣ «ኩኪ፣ ማለትም ድረ ገጹ ጎብኚውን መልሶ ለመለየት በመሣሪያው ላይ የሚያኖረው አጭር ጽሑፍ» ብሎ ቢፈታው በቂ ነው።

4. ስለ ግሦቹ

4.1 «ተቀበል»። የእንግሊዝኛው ግሥ በቁልፍ ላይ ሲጻፍ ጾታም፣ አክብሮትም፣ ተናጋሪም አይለይም። የአማርኛ ግሥ ግን ይህን ሁሉ ሳይወስን ሊነገር አይችልም። «ተቀበል» ለወንድ፣ ለአንድ ሰው፣ ያለ አክብሮት የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። «አስቀምጥ»፣ «ክፈት»፣ «ሰርዝ» የሚሉ ቁልፎች በዚሁ ቅርጽ ስለተለመዱ ይህኛውስ ምን ይጎድለዋል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ልዩነቱ መሠረታዊ ነው። በ«አስቀምጥ» የሚያዘው ሰውየው ሲሆን ታዛዡ መሣሪያው ነው፤ ትእዛዙም በቦታው ነው። በ«ተቀበል» ግን ማን ማንን እንዳዘዘ አይታወቅም። ሰውየው ማሰሻውን አዞ ከሆነ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቷል፤ ድረ ገጹ ሰውየውን አዞ ከሆነ ደግሞ በትእዛዝ የተገኘው ፈቃድ አይባልም። ወደ «ይቀበሉ» ቢለወጥ ጨዋነት ይጨመራል እንጂ ችግሩ አይወገድም። ፈቃድ የሚሰጠው ሰው ሊናገር የሚገባው በራሱ አንደበት፣ በአንደኛ መደብ ነው፤ «እፈቅዳለሁ»፣ «አልፈቅድም»።

4.2 «ውድቅ አድርግ»። ይህ ሐረግ የችሎት ቃል ነው፤ ዳኛ አቤቱታን፣ ጉባኤ የቀረበለትን ሐሳብ ውድቅ ያደርጋል። አንድ ተራ ጎብኚ እምቢ ለማለት የዳኛ ቃል እንዲጠቀም፣ እሺ ለማለት ግን በዕለታዊ ቃል እንዲያልፍ ማድረግ ሚዛንን ያዛባል። የፈረንሳይ የዳታ ጥበቃ ተቋም በ2021 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው፣ መቀበል በአንድ ጠቅታ ሲቻል እምቢ ማለት ብዙ ጠቅታ ስለጠየቀ ነበር። እምቢታ እንደ እሺታ መቅለል አለበት የተባለው ለጠቅታ ብቻ ሳይሆን ለቃልም ሊሠራ ይገባል ብለን እናምናለን።

4.3 «መስማማት»። ስምምነት ቢያንስ ሁለት ወገኖች ተነጋግረው የሚደርሱበት ነው፤ ከተደረሰበትም በኋላ አንዱ ብቻውን ሊያፈርሰው አይችልም። በዳታ ጥበቃ ሕግ የተባለው ግን አንዱ ወገን ብቻውን የሚሰጠው፣ በፈለገም ጊዜ የሚመልሰው ነገር ነው። ይህንን የሚሸከመው ቃል «ፈቃድ» ነው። «ድረ ገጹን መጠቀም በመቀጠልዎ ተስማምተዋል» የሚለው የተለመደ ዓረፍተ ነገር በተለይ ይነቀፋል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ፕላኔት 49 በተባለው ጉዳይ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ እንደማይሆን ወስኗል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1682 ዝምታ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር በመርሕ ደረጃ ደንግጓል። አማርኛው ታዲያ ዝም ያለውን ሰው «ተስማምተዋል» ሲለው የራሱን ሕግ ቋንቋ ይቃረናል።

4.4 «ክትትል»። ሐኪም ለነፍሰ ጡር ክትትል ያደርጋል፤ ወላጅ የልጁን ትምህርት ይከታተላል። ቃሉ የእንክብካቤ ጣዕም ስላለው፣ «አገልግሎታችንን ለማሻሻል ክትትል እናደርጋለን» የሚል ማሳሰቢያ ምስጋና የሚገባው ሥራ ያስመስላል። «ስለላ» የሚለው ደግሞ ሳይመረመር ይፈርዳል። እኛ የምናቀርበው «ዱካ» የሚለውን ነው። ዱካ ሄያጁ ሳያስብ የሚተወው ምልክት ነው፤ ከብት የጠፋበትም አዳኝም ይከተለዋል፤ ቃሉ የተከታዩን ዓላማ አይናገርም። «ዱካ መከተል»፣ «ዱካ ተከታይ ኩኪ» ቢባል ነገሩን ሳያስጌጥም ሳያጠቁርም ይገልጻል።

4.5 «መርጦ መውጣት»። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። የእንግሊዝኛው ቅንብር ቃል በቃል ተገልብጦ «መርጠው ይውጡ» ሲባል፣ አማርኛ አንባቢ የሚረዳው አንድ ነገር መርጦ ከድረ ገጹ እንዲወጣ መታዘዙን ነው። ከዚህም ሌላ ሐረጉ ሦስት የተለያዩ ድርጊቶችን ያደባልቃል። አንደኛው ገና ሲጠየቁ እምቢ ማለት ነው፤ ይህ «ፈቃድ መንፈግ» ነው። ሁለተኛው ቀድሞ የሰጡትን መመለስ ነው፤ ይህ «ፈቃድ መሻር» ነው። ውክልና የሰጠና ውክልና የሻረ ሰው ይህን አነጋገር አሳምሮ ያውቀዋል። ሦስተኛው ፈቃድ ሳይጠየቅ የተጀመረን ነገር ማስቆም ነው፤ ይህ «መቃወም» ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በአውሮፓ ሕግ ዱካ መከተል እስኪፈቀድ ድረስ ክልክል ነው። በ2020 (እ.ኤ.አ.) በሥራ ላይ በዋለው የካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ የአዋቂ ሰው መረጃ ሽያጭ በመሠረቱ እስኪቃወሙት ድረስ የተፈቀደ ነው፤ ድርጅቱ የሚገደደው የመቃወሚያ መንገድ እንዲያሳይ ነው። ስለሆነም በስቶክሆልም የሚኖር የአማርኛ አንባቢ ዝም ቢል በሕግ የተጠበቀ ሲሆን፣ በሎስ አንጀለስ የሚኖረው ዝም ቢል መረጃው ሊሸጥ ይችላል። ለሁለቱም አንድ ሐረግ የሰጠ ተርጓሚ ከሁለቱ አንዱን ያሳስታል።

5. ስለ ቅጽሎችና ስለ ሌሎች

«አስፈላጊ ኩኪዎች» በሚለው ውስጥ ያለው ቅጽል በአማርኛ «ጠቃሚ» ከሚለው ብዙም አይርቅም፤ «ያለ እነርሱ አገልግሎቱ የማይሰጥ» ማለት ስለሆነ «የግድ አስፈላጊ» መባል አለበት። የማስታወቂያ ድርጅቶችን «አጋሮቻችን» ማለት ለጎብኚው ወዳጅ ያስመስላቸዋል፤ ከተሽከርካሪ መድን የተነሣ ሁሉ የሚያውቀው «ሦስተኛ ወገን» ይሻላል።

6. የመፍትሔ ሐሳብ

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተለውን እናቀርባለን። ስሙ «ኩኪ» ሆኖ ይቀመጥ፤ ቁልፎቹ «እፈቅዳለሁ» እና «አልፈቅድም» ይባሉ፤ ሦስተኛው ቁልፍ «ለይቼ እፈቅዳለሁ» ይሁን፤ ወደ ኋላ መመለሻው «ፈቃዴን ሽሬያለሁ» ይባል፤ ፈቃድ በማይጠየቅበት አገር ሕግ የተዘጋጀው ደግሞ «እቃወማለሁ» ይሁን። አንዳንዶቹ ከአሁኖቹ ቃላት ይረዝማሉ፤ ነገር ግን በቁልፉ ላይ የሚቆጠበው የሁለት ፊደል ቦታ የሰውን መብት አያህልም።

ተርጓሚው ሊያውቀውና በማሳሰቢያው ሊገለጽ የሚገባው አንድ ነገር ይቀራል። ጎብኚው «አልፈቅድም» ያለው መልስ ራሱ ብዙውን ጊዜ የሚመዘገበው በኩኪ ነው። በመሆኑም ኩኪዎቹን ሁሉ ያጠፋ ሰው እምቢታውንም አብሮ አጥፍቷል፤ ድረ ገጹም እንደ አዲስ ይጠይቀዋል። ዘላቂው መንገድ በማሰሻው ቅንብር የሦስተኛ ወገን ኩኪዎችን ማገድ ነው፤ ሳፋሪ ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ይህን በራሱ ያደርጋል፤ ፋየርፎክስም የታወቁ ዱካ ተከታዮችን ያግዳል። ክሮም ግን በ2020 ኩኪዎቹን እንደሚያስቀር ከተነገረለት በኋላ ሐሳቡ በ2024 ስለተለወጠ፣ ማገዱ ለተጠቃሚው የተተወ ነው። ይህንን የሚያስረዱት የቅንብር ገጾችም የሚጻፉት በእነዚሁ ቃላት ነው። «መርጦ መውጣት» የሚለውን አንብቦ ከገጹ የወጣ ሰው መከላከያው የት እንዳለ ሳያገኝ ይቀራል።

ተርጓሚዎችና የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ከዚህ የተሻለ ስያሜ ካላቸው እንዲያቀርቡና እንዲነቅፉን እንጠይቃለን። የምንሻው አንድ ነገር ነው፤ ማንኛውም የሚቀርብ ቃል፣ ማያ ገጹ ፊት የተቀመጠው ሰው ምን እንደሰጠና ምን እንደነፈገ በእርግጥ የሚያሳውቅ እንዲሆን።