በሞስኮ ስለ ቆመው የፑሽኪን ሐውልት

ሐውልት የሚተች ሰው ሁለት ነገር ሊመለከት ይገባዋል፤ ይኸውም ምስሉ ባለቤቱን መምሰሉንና በሥሩ የተጻፈው ቃል እውነት መሆኑን ነው። ብዙ ሰው ግን ፊተኛውን ብቻ አይቶ ያልፋል።

በሞስኮ ከተማ በአትክልት መካከል የቆመው የባለቅኔው የአሌክሳንደር ፑሽኪን የነሐስ ሐውልት ሕዝብ ባዋጣው ገንዘብ ተሠርቶ ሰኔ 12 ቀን 1872 ዓ.ም. ተመረቀ። ባለቅኔው በ1829 ዓ.ም. ከሞተ 43 ዓመት ሆኖት ነበር። ሠሪው አሌክሳንደር ኦፔኩሺን ከጌታ መሬት መነሣት ከማይፈቀድለት የገባር ቤተ ሰብ የተወለደ ነው። ሥራውም ጭምት ነው፤ ሰውዬው ፈረስ አልተቀመጠም፥ ሰይፍ አልታጠቀም፥ በገናም አልያዘም። ካባ ደርቦ፥ ቀኝ እጁን በደረቱ ልብስ ውስጥ አግብቶ፥ በግራ እጁ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ይዞ፥ ራሱን ዝቅ አድርጎ ያስባል። ከዛፍ ሥር ብቻውን ቅኔ ሲቈጥር የዋለ ተማሪ ይህን አቋቋም ያውቀዋል።

ከእኛ ወገን ምስሉን የሚያይ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው የዘር ምልክት ነው። የእናቱ አያት አብራም ጋኒባል በልጅነቱ ከአፍሪካ የተወሰደ ሲሆን፥ አገሩ ኢትዮጵያ ነው የሚሉ አሉ፥ በቻድ ባሕር አጠገብ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ግን ከፊቱ ይልቅ ጽሕፈቱን እንመልከት እላለሁ።

በሐውልቱ መሠረት ላይ የተቀረጸው ፑሽኪን በ1828 ዓ.ም. ከጻፈው ግጥም የተወሰደ ነው። ግጥሙ ራሱ ስለ ሐውልት ይናገራል፤ የባለቅኔን ቃል ከድንጋይ ሥራ በላይ ያደርገዋል። ነገር ግን ወዳጁ ዡኮቭስኪ ከሞቱ በኋላ ሲያሳትመው የመንግሥትን መርማሪ ፈርቶ፥ ስለ ነጻነት የተነገረውን አውጥቶ ስለ ግጥሙ ውበትና ጥቅም የሚናገር ቃል አገባበት። በ1872 ዓ.ም. በድንጋይ የተቀረጸውም ይኸው የተለወጠው ነው።

ዡኮቭስኪን ፈጽሜ አልነቅፈውም፤ ባይለውጠው ኖሮ ግጥሙ ባልታተመ ነበር። ወረቀት ግን ይታረማል፤ በድንጋይ ላይ የሚጽፍ ሰው የደራሲውን እጅ ጽሕፈት ሳይመረምር መጻፉ ሙት ያላለውን ማናገር ነው። ቅኔ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው አንዲት ቃል ብትለወጥ ሰሙ ቢቀር እንኳ ወርቁ ይጠፋል።

ስሕተቱ የታረመው በመቶኛው የሙት ዓመት፥ በ1929 ዓ.ም. ገደማ ነው። የሚያሳዝነው፥ የነጻነትን ቃል ወደ ድንጋዩ የመለሰው መንግሥት በዚያው ዘመን ብዙ ሰው ያስርና ይገድል ነበር። በአንጻሩ የነበረውን የስትራስትኖይ ገዳምም አፈረሰ፤ በ1942 ዓ.ም. ሐውልቱን ከመንገድ ማዶ አሻግሮ፥ ፊቱንም አዙሮ፥ ገዳሙ በነበረበት ስፍራ አቆመው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፤ ነሐሱ ከመጀመሪያው እውነት ተናገረ፥ ድንጋዩ ግን ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ሐሰት ተሸከመ። በአገራችንም ለሊቃውንት ሐውልት የሚያቆሙ ሰዎች አንጥረኛውን ከመጥራታቸው በፊት ጽሕፈቱን የሚመረምር ሰው ይጥሩ።